ጓዳ ያለችው

«ወላሂ፣ እኔን እምቢ የሚል ኮምፒውተር ገና አልተፈጠረም!» ብላ ሒክማ ተቀመጠች።

ሐይቅ ከተማ፣ በአጎቷ በጋሽ ኑርዬ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በጃቫ ቋንቋ የተጻፈው የሱቁ ፕሮግራም ከጠዋት ጀምሮ አልነሣ ብሏል። እስከ ዙህር ሶላት፣ እስከ እኩለ ቀን፣ ካላስነሣችው ሥራዋን ለጎረቤቱ ልጅ ለኢምራን ሊሰጡባት ነው።

የስህተት መልእክቱ «ሌላ ሰው ከፍቶታል» ይላል። የከፋቹን ስም ነግሮ፣ ዘግቶ፣ እንደገና የሚያስነሣ አጭር ስክሪፕት ጻፈች።

«የከፈተው፦ ሒክማ» አለ ስክሪፕቱ። ሳቀችና ደገመችው።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ እየሠራሁት ነው» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ይህን እሷ አልጻፈችም።

ከጓዳ ኪቦርድ ሲንኳኳ ተሰማት። ቤቱ ያለው ኪቦርድ ግን በእጇ ያለው ብቻ ነው።

«አጎቴ፣ ጓዳ ማነው?»

ጋሽ ኑርዬ የጓዳው በር ላይ ቆመው፣ ወደ ውስጥ እያዩ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ መለሱ፦

«ሒክማ ናታ! አስነሥታዋለች። አንቺ ደሞ የማን ልጅ ነሽ?»