የሰርቪስ ቤቷ አምፖል

ከጠዋት ጀምሮ፣ የተከራየቻት ሰርቪስ ቤት አምፖል ማንም ሳይነካው ይበራል፣ ይጠፋል። ጸበል ብትረጭበት ጭራሽ ባሰበት። ደጅ ቁጭ ብላ ዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድርግም ብሎ ቀረ።

"ተመስገን፣ ለቀቀኝ!" አለችው ለጠራችው ኤሌክትሪሺያን።

እሱ የአምፖሉን መያዣ አየና ሳቀ። "ምን ሰይጣን አለ፣ እህቴ? ይሄ የሪሞት ነው፤ ከቪላው ተርፎ እዚህ የተገጠመ። ኮዱ ከዚያኛው ጋር አንድ ስለሆነ፣ እዚያ ሪሞቱን ሲጫኑት ምልክቱ ግድግዳ አልፎ እዚህም ይደርሳል።"

"ማን ይጫነዋል? አከራዮቼ ሐዋሳ ለሠርግ ሄደዋል። ሠራተኛዋም ጠዋት ገበያ እንደወጣች አልተመለሰችም።"

"የሚጫንማ ሰው ነበረ።"

ወደ ቪላው ዞረች።

"የአከራዬ እናት..." አለች። "አንደበታቸው ከተያዘ ወዲህ፣ ከአልጋቸው ሆነው ሰው የሚጠሩት በመብራቱ ነው።"

ሁለቱም ወደ አምፖሉ ቀና አሉ። እንደጠፋ ነው።