ዲሊስ ያስቀየረችው ፍሬን

ክላይቭ ጓሮው ውስጥ ራሱ የገጣጠማትን ስፖርት መኪና ሽንቁሯን ሁሉ በስቱኮ ደፍኖ፣ ቀለም ለቅልቆ፣ ለጡረተኛዋ ለዲሊስ በርካሽ ሸጠላት። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ትደውላለች፤ እሱ ይስቃል።

"ክላይቭ፣ ራዲያተሩ አፈሰሰ። አዲስ አስገባሁ።"

"አይተሽ አይደል የገዛሽው፣ የኔ ቆንጆ!"

በማግስቱ የራሱ አዲስ መኪና ራዲያተር አፈሰሰ። ከፍቶ ቢያየው በስቱኮ ተደፍኗል፤ ስቱኮው ላይ የገዛ አውራ ጣቱ አሻራ አለ። ዲሊስ ባትሪ ስትቀይር ደግሞ የሱ ባትሪ ዝጎ ተገኘ።

ዛሬ ከስዋንሲ ከተማ በላይ ያለውን ቁልቁለት እየወረደ ሳለ መኪናው ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

"የቀረኝ ፍሬኑ ብቻ ነበር" አለች ዲሊስ። "መካኒኩ አሁን አሮጌውን ፈታው።"

ክላይቭ ፍሬኑን ረገጠ። እግሩ ወለሉ ድረስ ሰመጠ።

"አይተህ አይደል የሸጥከው፣ የኔ ቆንጆ?"