የወየበው ገጽ

የፀጉር ቤቱን በር ገፋ ስታደርግ፣ አባቷ መስታወቱ ፊት ብቻውን ቆሞ፣ ምላጩን በቆዳ ቀበቶ ላይ እየሳለ «ካንቶ፣ ኮሲዮ፣ ቪቪዮ» ይል ነበር። ሲያያት ደንግጦ አንድ መጽሐፍ ፎጣ ስር ከተተ። እናቷ ከሞተች ገና አራት ወሯ ነው፤ እሱ ደግሞ በስተርጅና ስፓኒሽ!

«ማን ናት፣ አባዬ?» አለችው ፎጣውን ገልጣ መጽሐፉን እያነሳች።

መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር አዲስ ነበር። ያለፈ ጊዜ ግሥ የሚያስተምረው ገጽ ብቻ በሳሙናማ ጣት ተዳስሶ ተዳስሶ ወይቧል። ሰላምታውን እንኳ አልነካውም። «ከሴትዮዋ ጋር ሰላምታውን ካለፉት ቆይተዋል ማለት ነው» ብላ ደሟ ፈላ።

«የወንድምሽ ልጅ ነው» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ምላጩ ላይ ተክሎ። «በደወለ ቁጥር ‹አያቴስ የት ናት?› ይለኛል። የእኛን ቋንቋ አይሰማም፤ የሚያውቀው ስፓኒሽ ብቻ ነው። አባቱም አፉ አልታዘዝ ብሎት፣ ‹አንተው ንገረው› አለኝ።» ከዚያ ጣቱን ገጹ ላይ እያስኬደ ተረጎመላት፤ ዘፈነች፣ ሰፋች፣ ኖረች። «ይኸው፣ እዚህ ደርሻለሁ።»

«ሞተችስ?» አለችው ቀስ ብላ።

«እሱ የሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው፤ አልገለጥኩትም» አለና መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ ፎጣው ስር መለሰው።