ቃሪያና የወንዝ ዳሯ ፈርን

«እኔ እኮ እትዬ፣ ድንጋይ ላይ ዱላ ብተክል ያብብልኛል!» ትላለች ቃሪያ፣ የጓሮውን በር በክርኗ ገፍታ እየከፈተች።

እንግዳዋ እትዬ ችግኝ ናቸው። ችግኝ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸውና ሰፈሩ ነው ስሙን ያወጣላቸው። ልጅቱንም ቃሪያ ያላት ይኸው ሰፈር ነው፤ ምላሷን የቀመሰ ሁሉ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ሴትዮዋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ልብስ በተሰጣበት ገመድ ሥር ጎንበስ ብለው ይገባሉ።

«አይስሟት» ትላለች እናቷ፣ ከሳፋው ፊት ተቀምጣ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ። «ይቺ ውሃ አፍልታ የምታሳርር ልጅ ናት።»

የዛሬው ጉብኝት ግን የጨዋታ አይደለም። ቃሪያ ትምህርቱን ትታ ቤት ከዋለች ወዲህ፣ እናቷ ከአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ክር ስትለቅም እንድትውል ቆርጣለች። ቃሪያ ደግሞ ከክር ጋር ከመዋል ከእባብ ጋር ማደር ይሻለኛል ባይ ናት። ልቧ ያለው እትዬ ችግኝ ጋ ነው፤ እሳቸው ግን በወሬ አይታለሉም። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንዲት ፈርን በቆርቆሮ አድርገው ሰጧት። ቅጠሏ እንደ ላባ የተዘረጋ፣ ድሮ የወንዙን ዳር ሞልታው የነበረች፣ ዳሩ በሲሚንቶ ከተገነባ ወዲህ ግን ደብዛዋ የጠፋ ያገር ተክል ናት። «ይቺን ሁለት አድርጊልኝ፣ እቀጥርሻለሁ» አሏት።

ይኸው መጡ። ፈርኗ አቮካዶው ጥላ ሥር፣ እርጥብ ጥግ ላይ ተንሰራፍታለች። ለምልማለች፣ አምራለች። ግን አንድ ናት። ቃሪያ፣ ውበቷን ሲያዩ ሁለት ያሉትን ይረሱት ይሆናል ብላለች።

እትዬ ችግኝ ቁጢጥ ብለው አንዱን ቅጠል ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። ሌላውንም ይገለብጣሉ። ሌላውንም።

«ምነው ባዶ ሆነ? እዚህ ጋ ቡናማ ነጠብጣብ መኖር ነበረበት።»

ቃሪያ ደረቷን ትነፋለች። «ተባዩን ነው? አጸዳሁታ! በየሳምንቱ በጨርቅና በውሃ፣ አንድም ሳላስቀር። በሳሙናም ላሸው ነበር፣ እማዬ ሳሙናውን ደበቀችብኝ እንጂ።»

«ተባይ አይደለም።» ድምፃቸው ቁጣ የለውም፤ የባሰውም እሱ ነው። «ፈርን አበባ የላት፣ ፍሬ የላት። ዘሯ ያ ነጠብጣብ ነው፤ ሲደርስ እንደ ዱቄት ይበናል። ልጆቿን ነው ስትጠርጊ የከረምሽው።»

ቃሪያ ክው ትላለች። ከአሁኑ የክር ቁርጥራጭ የተጣበቀባት ይመስል ቀሚሷን ታራግፋለች። ዓይኗ እንባ ሲሞላ ወደ አቮካዶው ቀና ብላ መልሳ ልታስገባው ትሞክራለች።

እትዬ ችግኝ ጉልበታቸውን ደግፈው ሊነሱ ሲሉ አንድ ነገር ይዟቸው ይቀራል። «ውሃውንስ? የጠረግሽበትን ውሃ የት ነበር የምትደፊው?»

«ቱቦው ውስጥ ነዋ» ትላለች ቃሪያ፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል እንኳ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«ውሸቷን ነው!» ትላለች እናት። «ቱቦው ድረስ ማን ይሄዳል? እዚያው ከበርሜሉ ኋላ ነው ባልዲውን የምትገለብጠው። ጡቡ ሻግቶ አረንጓዴ ሆነላችሁ። በብሩሽ ፈግፍጊው ማለት ከጀመርኩ ስንት ጊዜዬ! ወይ እሷ!»

እትዬ ችግኝ ወደ በርሜሉ ያመራሉ። ቃሪያ እግሯን እየጎተተች ትከተላለች። በርሜሉ ጠብ ጠብ ሲል የኖረ ነው፣ ከኋላው ደግሞ ፀሐይ ገብቶ አያውቅም። አሮጌው የጡብ ግድግዳ ወዙ አልደረቀም፤ አረንጓዴ ነገር ተለጥፎበታል።

ሴትዮዋ ሳይነኩ በጣታቸው ያሳዩዋታል። ቃሪያ አፍንጫዋ ጡቡን እስኪነካ ትጠጋለች።

ሻጋታ አይደለም። ጥፍር የማይሞሉ፣ ልብ የሚመስሉ ቅጠሎች ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። ከመሀላቸው እንደ ክር የቀጠኑ አንገቶች ብቅ ብለዋል፣ ጫፋቸው እንደ ሕፃን ጡጫ እንደተጨበጠ። አንደኛው ጡጫውን ፈቷል። ላባ ነው። የእናት ፈርኗ ላባ፣ በጉንዳን ልክ የተሰፋ።

ልትቆጥራቸው ትጀምርና ይምታቱባታል። ሁለት ነበር የተባለችው።

እትዬ ችግኝ ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ ያዩታል። «እኔ ዘሯን አፈር ላይ ስበትን ስንት ዓመቴ» ይላሉ ኋላ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። «አንዲት እንኳ አልያዘችልኝም።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ሰኞ ጠዋት ነይ።»

የቃሪያ ምላስ ከሄደበት ይመለሳል። «አላልኩም? ድንጋይ ላይ ያብብልኛል አላልኩም? እማዬ ሰማሽ? ይሄ እጄ እኮ...»

«እጅሽ አይደለም፣ ስንፍናሽ ነው» ትላለች እናት። ግን ከሳፋው አጠገብ ያለውን የመፈግፈጊያ ብሩሽ ታነሳና፣ ማንም እንዳያገኘው ከተቀመጠችበት በርጩማ ሥር ትሸጉጠዋለች።

ቃሪያ ማንን ትስማ! «እና እትዬ፣ ምን ላይ ነው የሚመድቡኝ? ተከላው ላይ? ሽያጩ ላይ?»

«ውሃ መድፋት ላይ» ይላሉ እትዬ ችግኝ፣ የቀሚሳቸውን አፈር እያራገፉ። «እሱን እንኳ ተክነሽበታል።»