የተረፈችው ብሎን

ጡረተኛው ፈታትቶና ወልውሎ መልሶ በገጠመው አሮጌ ሞተር ብስክሌት ማስነሻ ላይ እግሩን እንዳሳረፈ ቀረ። ጋራዡ ወለል ላይ ባነጠፈው ጨርቅ መሃል አንዲት ብሎን ተርፋለች።

"ጉድ ፈላ! ይቺ ደግሞ የየት ናት? እንደ አዲስ ልፈታው ነው!" ብሎ መፍቻውን አነሳ። በሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር።

ብሎኗን አገላበጣት። ወገቧ ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሟል።

"አንቺ! የስፌት መኪናሽ ብሎን ናት!"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" ሳቋ አመለጣት። "ይሄን ከጨረስክ ማድቤት ገብተህ ምድጃዬን ልትፈታታ አይደል?"

ብሎኗን ደረት ኪሱ ከተተና ማስነሻውን ረገጠው። ሞተሩ አስሎ አስሎ ተነሳ፤ ጋራዡ በጭስ ታፈነ።

"በይ ከኋላዬ ውጪ!" አለ፣ ወንበሩን በመዳፉ እየመታ። "ምድጃሽ እንዲተርፍ ከፈለግሽ ከቤት ይዘሽኝ ጥፊ!"