የሚንቀጠቀጠው ማር

«ይሄ እንግዲህ የናንተ ማር ነው» ትላለች የማር ድርጅቱ የማስታወቂያ ኃላፊ፣ ስክሪኑን በእስክሪብቶዋ እየጠቆመች። «ያምራል፤ አያምርም አላልኩም። ግን ሙጫ ይመስላል።»

ጠብታ አንገቷን ትደፋለች። በኮምፒውተር ውሃ ማፍሰስ፣ ወተት ማንቆርቆር፣ ዘይት ማንጠባጠብ እንጀራዋ ስለሆነ ነው ጠብታ የሚሏት። እውነትም ስክሪኑ ላይ ያለው ማር ከማንኪያው ወርዶ ዳቦው ላይ እስኪደርስ ንቅንቅ አይልም፤ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው የሚመስለው። ሸሪኳ ከጎኗ ተቀምጦ የውሃ ጠርሙሱን ወረቀት በጥፍሩ ይልጣል። ሁለት ጠረጴዛና አንድ ማራገቢያ ይዘው አብረው የከፈቷት ቤት ይህን ማስታወቂያ ካላገኘች ትዘጋለች።

ማሩን ያወፈረችው በሱ ምክር ነው። መጀመሪያ የሠራችው ቀጠን ያለ ነበር፤ ሲወርድ ክሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእናቷ እጅ ነው እንዲያ ይንቀጠቀጥ የነበረው። እናቷ ከማረፏ በፊት ማር ስትቀዳ በስልኳ ቀርጻት ነበርና፣ ያንን መርገፍገፍ፣ መሃል ላይ ቆም ብሎ ወደ ግራ ማዘንበሉን ጨምሮ፣ ደጋግማ እያየች ለኮምፒውተሩ ማንኪያ ሰጠችው። ሸሪኳ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «እቴ፣ ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል። የታመመ ማር ማን ይገዛል? አወፍሪው» አላት። አመነችው። ውፍረቱን የሚወስነውን ቁጥር ከፍ ባደረገችው መጠን መንቀጥቀጡ ማሩ ውስጥ እየሰመጠ ሄደ፤ በመጨረሻም ጠፋ። እናቷን ሁለተኛ የቀበረች ያህል ከፋት። ሥራ ነው ብላ ዋጠችው።

«አሁን ደግሞ ከናንተ ጋር የሚወዳደሩትን እዩልኝ» ትላለች ኃላፊዋ። «እንዲህ ማድረግ ትችሉ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ስክሪኑ ላይ ሌላ ማንኪያ ይመጣል። ማሩ ቀጠን ብሎ ይወርዳል። መሃል ላይ ይርገፈገፋል፤ ትንሽ ቆም ይላል፤ ከዚያ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ዳቦው ላይ ይጠቀለላል።

«አያችሁ? ሰው ያለበት ይመስላል እኮ» ትላለች ኃላፊዋ። «እንዴት እንዳሰቡት እንጃ።»

ጠብታ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ትላለች። ያንን መርገፍገፍ በእንቅልፍ ልቧ እንኳ አትስተውም። የመጀመሪያው ሥራ ያለው እሷና ሸሪኳ ጋ ብቻ ነው። ወደ ሸሪኳ ትዞራለች። ወረቀቱን መላጡን አላቆመም፤ ወደ ስክሪኑም ቀና አላለም። አዲስ ነገር ያየ ሰው እንዲህ አይሆንም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምታ ታውቃለች፤ መሬቱ ይህን ያህል ይጠነክራል ብሎ የነገራት ግን የለም።

«እኛም ሠርተነዋል» ትላለች ጠብታ።

ላፕቶፗን ወደ ኃላፊዋ ታዞራለች። ለሙከራ የምትይዘውን ትንሹን ናሙና ከፍታ የውፍረቱን ቁጥር ዝቅ ታደርገዋለች፤ አሁንም ዝቅ። ማሩ ይላላል። የተቀበረው መርገፍገፍ ብቅ ይላል፤ ያው ቆም ማለት፣ ያው ወደ ግራ ማዘንበል።

ኃላፊዋ አንዴ ስክሪኑን አንዴ ላፕቶፑን ታያለች። ፊቷ ይቀዘቅዛል። «ይሄማ የነሱ ነው። እነሱ ካስገቡ ሰነበቱ፤ እናንተ ከየት አመጣችሁት?»

«የኔ ነው። ከነሱ በፊት የኔ ነው። እሱን ይጠይቁት።»

ሸሪኳ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ጠብታ በልቧ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትለምነው፤ እዚህ እውነቱን ይናገር እንጂ ሌላውን ውጭ ይጣሉበታል። እናቷ ቤት የሱ የሚባል ወንበር ነበር። የገዛ ወንድሟ እንኳ ሲመጣ እዚያ ላይ አይቀመጥም ነበር።

«የፈሳሹ ነገር እንግዲህ የሷ ሥራ ነው» ይላል፣ ጠርሙሱን እያየ። «ከየት እንደምታመጣው እኔ አላውቅም።»

ጠብታ ቦርሳዋን ትከፍታለች። ስልኳን ታወጣለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያንን ቪዲዮ ድምፁን አጥፍታ ነው የምታየው፤ የእናቷን ድምፅ የምትችልበት አንጀት አልነበራትም። ዛሬ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍታ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል ታስቀምጠዋለች።

የአሮጊት እጅ፣ ማንኪያ፣ ከስሩ ዳቦ። «ተይ እንጂ ልጄ፣ ይሄን እጅ ምን ብለሽ ነው የምትቀርጪው?» ይላል የእናቷ ድምፅ፣ ፊቷ ሳይታይ፤ ሳቅ አለበት። ማሩ እየተርገፈገፈ ይወርዳል። ሸሪኳ የጠርሙሱን ወረቀት መላጥ ያቆማል።

ከዚያ ከግራ በኩል የወንድ ድምፅ ይመጣል። ኃላፊዋ ቀና ብላ ሸሪኳን ታየዋለች፤ አሁን፣ እዚሁ ወንበር ላይ የሰማችው ድምፅ ነው።

«እማዬ፣ እኔንስ ረሳሽኝ?»

«አንተን ረስቼ የት እደርሳለሁ።»

እጇ ትንሽ ቆም ይላል። ከዚያ ማንኪያው ዳቦውን ትቶ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እንዳይፈስ ከስሩ በሌላ መዳፍ ተደግፎ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ተከፈተው አፉ ይሄዳል።