ራስጌ የተሰቀለው መቁረጫ

ስትስቅ ሦስት ቀበሌ የምትቀሰቅሰው ሴትዮ ዛሬ አልጋዋ ላይ ትንፍሽ ማለት አቃታት። ሐኪሙ ቆርጦ ያስተካከለውን መንጋጋዋን በብረትና በብሎን አስሮ፣ አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ጥርሶቿን በሽቦ ጠፍሯቸዋል።

«ካስመለሳት ትታፈናለች» አለች ነርሷ፣ የሽቦ መቁረጫውን ራስጌዋ ላይ እያንጠለጠለች። «ሽቦውን ቶሎ ይቁረጡላት፤ ከአጠገቧ እንዳይጠፉ!»

«እኔ? ሰማይ ቢደፋ ንቅንቅ አልልም!» አለ ባሏ ደረቱን እየደቃ።

ነርሷ ስትወጣ በሩን ዘጋና ጆሮዋ ስር ተጠጋ።

«‹ስድን ወንድሜን መግደልህን ለፖሊስ እናገራለሁ› ብለሽ ዝተሽብኝ ነበር፤ አይደል የኔ እመቤት?»

መቁረጫውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ በሲሪንጅ የቀዳውን ሾርባ በጉንጯ በኩል ቀስ አድርጎ ገፋው።

ሾርባው ምላሷን ሲነካ ኮሶ ሆኖ ተገኘ። ሆዷ መገለባበጥ ጀመረ።